በሩን ክፈቱለት፤ ልጁ ይሩጥ!

ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች እንቅስቃሴና ጨዋታ ምን ይጠቅማል?

መቼም ወደዚህ ዓምድ የሚመጡት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የፍቅር ናቸው። “ትወደኛለች ወይስ እያሾፈችብኝ ነው?”፣ “ትቶኝ ሄደ፣ ምን ይሻለኛል?” የሚሉት ሰልፍ ይዘው ነው የሚጠብቁን። በዚህ ሳምንት ግን ሰልፉን ጥሶ የገባ አንድ ደብዳቤ አለ። ጸሐፊዋ የ22 ዓመት ወጣት ናት። የምትኖረው እዚሁ ነፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስሟን እንዳናወጣ አደራ ስላለችን አናወጣም። የደብዳቤዋ ፍሬ ነገር እንዲህ ይላል፦

“ታናሽ ወንድሜ 9 ዓመቱ ነው። ኦቲዝም እንዳለበት ሐኪም ነግሮናል። አይናገርም። የሆነ ነገር ሲፈልግ እጄን ጎትቶ ይወስደኛል። ቀኑን ሙሉ በር ተቆልፎበት ቤት ነው የሚውለው። እማዬ ሥራ ውላ ትመጣለች፣ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ መኝታ ቤት ታስገባዋለች። ማታ ማታ ታዲያ ይዘላል! ሶፋ ላይ፣ አልጋ ላይ፣ መሬት ላይ… አንዳንድ ቀን እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት አይተኛም። ከታች ያሉት ሰዎች በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን ይደበድቡብናል። ባለፈው አንዷ ሴትዮ ደረጃ ላይ አግኝታን ‘ይሄን ልጅ ወይ ጸበል ውሰዱት፣ ወይ እሰሩት’ አለችን። እማዬ ቤት ገብታ አለቀሰች። እኔ ግን የሚሻለው መታሰር ሳይሆን መፈታት ይመስለኛል። ሜዳ ይዤው ብወጣ ይጎዳዋል ወይስ ይጠቅመዋል? እማዬ ‘ቢጠፋብኝስ?’ እያለች አልፈቀደችልኝም። እባካችሁ መልሱልኝ።”

እህታችን፣ ደብዳቤሽን ደጋግመን አንብበነዋል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ 12ኛ ክፍልን ጨርሼ በብዕሬ የማድር ሰው ነኝ። ስለዚህ መልሱን ከራሴ ኪስ አላወጣም። ጉዳዩን ያጠኑ ሰዎች የደረሱበትን በእኛው ቋንቋና በእኛው ሰፈር ኑሮ ላጫውትሽ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልንገርሽ፤ “መፈታት” ያልሽው ነገር እውነትነት አለው።

ለመሆኑ ኦቲዝም ምንድነው?

ስሙን ሁሉም ሰው ሰምቶታል፣ ነገሩን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ሊዮ ካነር የሚባል በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ የሚሠራ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም የ11 ልጆችን ታሪክ ጻፈ። ልጆቹ ከሰው ይልቅ ለብቻቸው መሆንን ይመርጣሉ፤ ነገሮች ሁሉ ትናንት እንደነበሩት እንዲሆኑ ይፈልጋሉ፤ አነጋገራቸውም ከሌሎች ልጆች ይለያል። ካነር ይህንን “ኦቲዝም” አለው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጠንቷል። ዛሬ የሚታወቀው፣ ኦቲዝም የአእምሮ እድገት ከተለመደው በተለየ መንገድ ሲሄድ የሚከሰት መሆኑ ነው። መነሻውም በአብዛኛው ልጁ ገና ሳይወለድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች መካከል አንዱ ኦቲዝም አለበት። እንግዲህ አስቡት! በአንድ የኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል?

አንዳንድ ልጅ ጨርሶ አይናገርም፤ አንዳንዱ ይናገራል ግን ጨዋታ መቀጠል ይቸግረዋል። አንዱ የሚክሰር ጩኸት ሲሰማ ጆሮውን ይዞ ይወድቃል፣ ሌላው ደግሞ ቢመታ እንኳ የሕመም ስሜት ያለበት አይመስልም። እጅ ማርገብገብ፣ ወደፊትና ወደኋላ መወዛወዝ፣ መሽከርከር፣ መዝለል… እነዚህ የተለመዱ ናቸው።

ኦቲዝም እርግማን አይደለም። ክትባት አያመጣውም፤ ይህ በተደጋጋሚ ተጠንቶ ውድቅ የሆነ ወሬ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የእናት ጥፋት አይደለም። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ፈረንጆቹ ራሳቸው “እናትየዋ ፍቅር ስለነፈገችው ነው” እያሉ ስንቷን እናት አስለቅሰዋል። በኋላ ሐሰት መሆኑ ሲታወቅ አፍረው ተዉት። ታዲያ እኛ በ21ኛው ክፍለ ዘመን ደረጃ ላይ ቆመን እናት እናስለቅስ?

እናትስ ለምን ትቆልፋለች?

እናትየዋ ላይ ለመፍረድ አንቸኩል። የምትቆልፈው በሁለት ምክንያት ነው፤ አንዱ ይሉኝታ፣ ሁለተኛው ፍርሃት።

ይሉኝታው የእሷ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ የእድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ከመቶ 45 የሚሆኑት በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናግረዋል። ከአራቱ አንድ በላይ የሚሆኑት ደግሞ የልጁን ነገር ሚስጥር አድርገው ለመያዝ ይሞክራሉ። ስለዚህ የተቆለፈው የጀሞዋ በር ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ይህንን በር በአገራችን ቀድመው ከከፈቱት ሰዎች አንዷ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ነበሩ። ወይዘሮ ዘሚን ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው በኒያና የውበት ትምህርት ቤት ይሆናል። የራሳቸው ልጅ ኦቲዝም ስለነበረበትና የሚቀበለው ትምህርት ቤት ስለቸገራቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። ልጃቸውን ከመደበቅ ይልቅ በየመድረኩ ስለ ልጃቸው ተናገሩ። በዚህም ልጃቸውን ደብቀው የነበሩ ወላጆች መውጣት ጀመሩ። ወይዘሮ ዘሚ በ2021 ዓረፉ፤ የከፈቱት በር ግን አልተዘጋም። ከእሳቸው በኋላም ወላጆች ያቋቋሙት ነህምያ ኦቲዝም ማዕከል መጥቷል። ችግሩ የማዕከላቱ ቦታ ጥቂት፣ ልጆቹ ደግሞ ብዙ መሆናቸው ነው። እና ተራ እስኪደርስ ልጁ ምን ያድርግ? ቤት ተቆልፎ ይጠብቅ? እንቅስቃሴ የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ነው የሚመጣው፤ ተራ አይጠብቅ፣ ክፍያ አይጠይቅ!

ሁለተኛው ምክንያት ማለትም ፍርሃቱ ግን እውነተኛ ነው። በእሱ ላይ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሩጫ ምን ያደርግለታል?

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንግባ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የተሠሩ ሁለት ትንንሽ ጥናቶች ነበሩ። በ1982 የታተመው ኦቲዝም ያለባቸው 7 ልጆች ከሮጡ በኋላ ምን እንደሚሆኑ ተመለከተ። ልጆቹ ከሩጫው በኋላ መወዛወዙና ማርገብገቡ ቀነሰላቸው፣ ትምህርትና ጨዋታ ላይ ደግሞ የተሻለ ተሳተፉ። በ1984 የወጣው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ጠየቀ። ማንኛውም እንቅስቃሴ ነው ወይስ የሚያስልከው ዓይነት ብቻ? ልጆቹን አንድ ጊዜ 15 ደቂቃ ቀለል ያለ የኳስ ጨዋታ አጫወቷቸው፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ 15 ደቂቃ ሳያቋርጡ አስሮጧቸው። ቀላሉ የኳስ ጨዋታ ያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ለውጥ ያመጣው ልብን የሚያስመታውና ላብ የሚያወጣው ሩጫ ነበር።

ነገሩ እዚያ አላቆመም። እ.ኤ.አ. በ2012 የኢራን ተመራማሪዎች ኦቲዝም ያለባቸው 30 ልጆችን ወስደው ግማሾቹን ለ14 ሳምንት ካራቴ አሠለጠኗቸው። ድብድቡን ሳይሆን “ካታ” የሚባለውን፣ ለብቻ ሆኖ በቅደም ተከተል የሚሠራውን እንቅስቃሴ ነው ያስተማሯቸው። የሠለጠኑት ልጆች ተደጋጋሚ እንቅስቃሴያቸው በግልጽ ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ የወጡ በርካታ ጥናቶችም እንቅስቃሴ ለእንቅልፍ፣ ለትኩረትና ለሰውነት ቅልጥፍና ይረዳል ይላሉ። ብዙዎቹ ጥናቶች ግን በጥቂት ልጆች ላይ የተሠሩ ስለሆኑ፣ ሁሉም ልጅ እኩል ይለወጣል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

ለምን ይሆን? አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው። ቀኑን ሙሉ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ የዋለ የ9 ዓመት ልጅ፣ ጉልበቱን የት ያድርሰው? እናንተስ ብትሆኑ በዕረፍት ቀን ሙሉ ቀን ተኝታችሁ ውላችሁ ማታ እንቅልፍ ይወስዳችኋል? ሌላው ምክንያት የሰውነት ስሜት ነው። ብዙዎቹ እነዚህ ልጆች የሚዘሉት ለመረበሽ ሳይሆን ሰውነታቸው ያንን ስሜት ስለሚፈልግ ነው። መሬቱ እግራቸውን ሲመታቸው፣ ጡንቻቸው ሲሳብ፣ አየሩ ፊታቸውን ሲነካቸው ይረጋጋሉ። ስለዚህ የታች ቤት ሰዎች የሚሰሙት ድምፅ “ሰውነቴ መንቀሳቀስ ይፈልጋል” የሚል መልእክት ነው። የሰፈራችን “ነፋስ ስልክ” የሚለው ስም ራሱ የመጣው ያለ ሽቦ መልእክት ከሚያስተላልፈው የራዲዮ ጣቢያ ነው ይባላል። ልጁም እንዲሁ ነው፤ ቃል ባይኖረውም መልእክት ይልካል። ተቀባይ ነው የጠፋው!

ይሁንና ሁለት ነገር እንዳይደባለቅብን። አንደኛ፣ ሩጫ ኦቲዝምን “አያድንም”። አድናለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ካለ፣ በመድኃኒትም ይምጣ በማሳጅ፣ ኪሳችሁን ያዙ። ሁለተኛ፣ እጁን ስላርገበገበ ብቻ ልጁን “ተው!” ማለት አያስፈልግም። ራሱን ወይም ሌላውን እስካልጎዳ ድረስ፣ ለእሱ ማርገብገቡ እኛ ስንጨነቅ እስክሪብቶ እንደምንነካካው ያለ ነገር ነው። የምናስሮጠው “እንደ ሰው” እንዲሆን አይደለም፤ ሰው ነውና! የምናስሮጠው ጤነኛ እንዲሆን፣ እንዲተኛና እንዲደሰት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ይህ አካል ጉዳት ያለባቸውንም ልጆች ያጠቃልላል። ከዜሮ የሚነሳ ልጅ ግን በአንድ ቀን 60 አይደርስም። 5 ደቂቃም ከምንም ይሻላል።

ጂም አያስፈልግም፤ ሰፈር ሞልቷል

“እሺ፣ ግን ገንዘቡ ከየት ይመጣል?” የምትሉ አላችሁ። ምን ገንዘብ ያስፈልጋል? እኛ የኃይሌና የጥሩነሽ አገር ሰዎች አይደለንም እንዴ! መሮጫ ጫማ እንኳ ባይኖር ሸራ ጫማ ይበቃል።

ለጀማሪ የሚስማሙት ሕግ የሌላቸውና ተደጋጋሚ የሆኑ እንቅስቃሴዎች ናቸው። እጅ ለእጅ ተያይዞ ከዚህ ምሰሶ እስከዚያ ምሰሶ መሮጥ። ዥዋዥዌ። ያረጀ ጎማ በእንጨት እየነዱ መሮጥ። የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ወጥቶ መውረድ። በገመድ ላይ ወዲያና ወዲህ መዝለል። ትንንሾቹን ደግሞ እሽኮኮ አድርጎ መዞር።

ቤት ውስጥም ጡንቻ የሚያሠሩ ሥራዎች ሞልተዋል። በልኩ የተሞላ ጄሪካን መሸከም፣ የታጠበ ልብስ መጭመቅ፣ ሊጥ ማቡካት፣ ቡና መውቀጥ… ዘነዘናውን ሁለት እጁ ይዞ ሲወቅጥ አይታችሁት ከሆነ፣ አንዳንዱ ልጅ ፊቱ ሁሉ ይፈታል። ይህ ቀልድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ያሉ ልጆችን ለሚያሳድጉ ቤተሰቦች ያዘጋጀው ሥልጠና በአገራችንም ተሞክሯል፤ ዋና መሣሪያዎቹም ጨዋታና የየዕለት የቤት ውስጥ ሥራ ናቸው።

ቀጥሎ ሁለት ሰው የሚያሳትፉ ጨዋታዎች ይመጣሉ። ኳስ ወደ እሱ ትገፊያለሽ፣ እሱ ይመልሳል። ይኸው ነው! “አንተ፣ እኔ፣ አንተ፣ እኔ” የሚለው ተራ መጠበቅ የንግግር መጀመሪያ ነው ይላሉ ባለሙያዎቹ። ወሬም እኮ በተራ ነው የሚሄደው።

እኔን የገረመኝ ደግሞ ሰኞ ማክሰኞ ነው። ስንቶቻችን ነን በከሰል አስፋልት ላይ ሣጥን ስለን የዘለልነው? ይህ ጨዋታ ኦቲዝም ላለበት ልጅ የተፈለሰፈ ይመስላል። ለምን ቢሉ ሕጉ መሬት ላይ ተስሏል፤ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። መጀመሪያው የት እንደሆነ፣ መጨረሻው የት እንደሆነ በዓይን ይታያል። ተራም አለው። ሌባና ፖሊስ ግን ሌላ ነው። ማን ሌባ፣ ማን ፖሊስ እንደሆነ ማንም ሳይነግርህ ከሁኔታው ማወቅ አለብህ፤ ሁሉም ይጮኻል፣ ሕጉም በየደቂቃው ይቀየራል። ብዙ ልጅ እዚህ ላይ ነው ግራ ገብቶት የሚያለቅሰው። የሰፈር ኳስም ገና ለጀማሪ ከባድ ነው። ይቆይ፤ ጊዜው ሲደርስ ይገባበታል።

የመጀመሪያው ቀን

ለእህታችንና ለመሰሎቿ የሚሆን ዕቅድ እነሆ።

ከሁሉ በፊት ልጁን የሚያየው ሐኪም ጋ አንድ ጊዜ ጎራ በሉ። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች መካከል የሚጥል በሽታ አብሯቸው ያለ ጥቂት አይደሉም። የሚወስደው መድኃኒት ካለም መጠየቅ ነው።

ከመውጣታችሁ ከአንድ ቀን በፊት የምትሄዱበትን ሜዳ በስልክሽ ፎቶ አንሺና አሳዪው። ለእነዚህ ልጆች ያልጠበቁት ነገር ያስፈራቸዋል፤ በዓይን ያዩት ግን ያረጋጋቸዋል። ሦስት ፎቶ ይበቃል፤ ጫማው፣ ሜዳው፣ ሲመለስ የሚበላው ሙዝ። “መጀመሪያ ጫማ፣ ከዚያ ሩጫ፣ ከዚያ ሙዝ።” ቃሉ አጭር ይሁን፤ ንግግር አታብዢበት።

ሰዓቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን፣ መንገዱም እንደዚያው። ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ ሜዳው ገና ባዶ ነው፤ ጩኸት የለም፣ ተመልካችም የለም። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው “መንገድ ለሰው” የሚባለው፣ እሑድ እሑድ መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ የሚለቀቅበት ዝግጅት በአቅራቢያችሁ ሲኖር መልካም አጋጣሚ ነው፤ ሕዝብ ከመሙላቱ በፊት ማልዶ መውጣት ነው እንጂ። በቅርብ ዓመታት በተሠራው የኮሪደር ልማትም ሰፊ የእግረኛ መንገድና የልጆች መጫወቻ ያገኙ ሰፈሮች አሉ።

የመጀመሪያው ቀን 5 ደቂቃ ይሁን። “ሩጥ” ብለሽ አትዘዢው፤ አንቺው ቀድመሽ ሩጪ፣ እጁን ይዘሽ። ማለቁን የሚያውቅበት ምልክት ይኑር፤ ከ10 ወደ 1 መቁጠር ወይም የስልክ ደወል። ሳይሰለቸው ጨርሱ፣ ነገ እንዲናፍቀው። በሳምንቱ 7 ደቂቃ፣ በሌላው ሳምንት 10… በወሩ 15 ደቂቃ ሳያቋርጥ ከሮጠ፣ ጥናቶቹ ያዩትን ለውጥ አንቺም ልታዪው ትችያለሽ። የተኛበትን ሰዓት በደብተር ያዢ። እናትሽን የሚያሳምናት የእኔ ጽሑፍ ሳይሆን ያ ደብተር ነው።

ቢያለቅስስ? ቢወድቅስ? ሰው ሁሉ ዞሮ ሊያይሽ ይችላል፤ ይይሽ! አትጎትቺው፣ አትቆጪው፣ አትምቺው። ጥላ ያለበት ጸጥ ያለ ቦታ ውሰጂው፣ አጠገቡ ዝም ብለሽ ቁጭ በይ። ይበርድለታል። የዕለቱ ሩጫ በዚያው ይብቃ፣ ነገም ቀን ነው።

“ቢጠፋብኝስ?” ለሚለው

እናትየዋ የፈራችው ነገር እውነተኛ ነው ብለን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ፣ ማለትም ከመቶ 49 የሚሆኑት፣ አራት ዓመት ከሞላቸው በኋላ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከቤት ወይም ከጠባቂያቸው አምልጠው ለመሄድ እንደሞከሩ አሳይቷል። ትልቁ አደጋም ሁለት ነው፤ መኪናና ውሃ። ብዙዎቹ ውሃ ይወዳሉ። በክፍለ ከተማችን ደግሞ ቀለበት መንገዱም አለ፣ ትንሹ አቃቂ ወንዝም በመሃላችን ያልፋል።

ስለዚህ ጥንቃቄው እነሆ። አጥር ያለው ሜዳ ይመረጥ፤ አንድ መግቢያ ብቻ ያለው ከሆነ እሰየው። በሩ አጠገብ አንድ ሰው ይቁም። መጀመሪያ አካባቢ ሁለት ሆናችሁ ውጡ። ከሩቅ የሚታይ ደማቅ ቀለም ያለው ቲሸርት ይልበስ። በልብሱ ውስጠኛ ክፍል የናንተ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ጨርቅ ይሰፋ፤ ልጁ ስሙን መናገር ባይችል ጨርቁ ይናገርለታል። “ቁም” የሚለውን ቃል እንደ ጨዋታ አስተምሩት፤ ሩጥ… ቁም! ሩጥ… ቁም! በየቀኑ። አንድ ቀን ሕይወቱን ያተርፈዋል። ውሃ አጠጡት፣ ጥማቱን አይነግራችሁም። ቤት ስትገቡ እግሩን እዩት፤ ቢቆስልም ላይናገር ይችላል።

እስቲ ደግሞ እናስበው። ከቤት ወጥቶ የማያውቅ ልጅ አንድ ቀን በር ተከፍቶ ቢያገኝ የት እንደሚሄድ ማን ያውቃል? መንገዱን፣ ሜዳውንና የሰፈሩን ሰው የሚያውቅ፣ ሰፈሩም የሚያውቀው ልጅ ግን ቢጠፋ እንኳ “የእገሌ ወንድም ነው” ብሎ የሚመልሰው ያገኛል። መደበቁ ከአደጋ አያድነውም ማለት ነው።

ማታስ?

የማታውን ዝላይ በአንድ ቀን ማስቆም አይቻልም፤ ሰዓቱን ማዛወር ግን ይቻላል። አሮጌ ፍራሽ መሬት ላይ ዘርግቱለትና ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት እስኪጠግብ ይዝለል። ከዚያ በኋላ ቤቱ ይቀዝቅዝ፤ ቴሌቪዥንም ስልክም ይጥፋ። አንዳንድ ልጆች ጋቢ ውስጥ ጠበቅ ተደርገው ሲጠቀለሉ ይረጋጋሉ፤ ከወደደው ብቻ ነው ታዲያ፣ ፊቱም ፈጽሞ አይሸፈን። ሳይወደው መጠቅለል ደግሞ ያው ማሰር ነው።

የታች ቤት ሰዎችን በተመለከተ ሄዳችሁ ንገሯቸው። “ልጃችን እንዲህ ያለ ሁኔታ አለበት፤ ከ1 ሰዓት በኋላ እንዳይዘል እየሞከርን ነው፤ ትንሽ ታገሡን” በሉ። ሰው የማያውቀውን ይደበድባል፤ ሲያውቅ ግን አብዛኛው ያፍራል። ያቺ ሴትዮም ምናልባት ያላወቀች እንጂ ክፉ ላትሆን ትችላለች። ጸበልን በተመለከተ እምነት የየራስ ነው፣ ማንም አይከለክልም። ግን ልጅን ማሰር በየትኛውም እምነት ጽድቅ አይደለም።

ለእህታችን አንድ ነገር እንጨምር። 22 ዓመትሽ ነው፤ ያንቺም ኑሮ አለ። ወንድምሽን ብቻሽን ተሸክመሽ አትዘልቂውም። የአክስት ልጅ፣ ጓደኛ፣ ጎረቤት… በሳምንት አንድ ቀን የሚተካሽ ሰው ፈልጊ። ወንድሟን ስለምትወድ እህት ዕረፍት አያስፈልጋትም ያለው ማነው?

እናንተስ፣ የሜዳ ልጆች?

የመጨረሻው መልእክት ጠዋትና ማታ ሜዳ ላይ ኳስ ለምታንከባልሉት ወጣቶች ነው፤ ለጀሞ፣ ለጎፋ፣ ለመካኒሳ፣ ለለቡና ለሃና ማርያም ልጆች። አንድ ቀን እህቱ እጁን ይዛው የሚሮጥ፣ እጁን የሚያርገበግብ ልጅ ሜዳችሁ ላይ ታያላችሁ። ምን እናድርግ ካላችሁ ብዙ ነገር አይጠበቅባችሁም። አትሳቁ። ቪዲዮ አትቅረጹ። ሰላም በሉት፤ ባይመልስ አትቀየሙ፣ ሰምቷችኋል። ኳሱ ወደ እሱ ከሄደ “መልስልን” በሉትና ትንሽ ጠብቁት። ስታሟሙቁ ሜዳውን የምትዞሩት ከሆነ፣ “ና አብረን እንዙር” በሉት። ለመሮጥ እኮ ቋንቋ አያስፈልግም።

ቴኳንዶና ካራቴ የምታሠለጥኑ ወንድሞችና እህቶችም እንዲህ ያለ ልጅ ይዞ የሚመጣ ወላጅ ሲያጋጥማችሁ “አይሆንም” ከማለታችሁ በፊት አንድ ሳምንት ሞክሩት። ግጥሚያ አይደለም የሚፈልገው፤ በቅደም ተከተል የሚሠራውን እንቅስቃሴ ነው። ምናልባት ከተማሪዎቻችሁ ሁሉ አንድ ቀን እንኳ የማይቀር፣ አንዲት እርምጃ እንኳ የማይዘል እሱ ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለ ልጅ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ካለ፣ የሞከራችሁትንና የሠራላችሁን ነገር ጻፉልን። ስማችሁን አናወጣም፤ ያወቃችሁትን ግን ለሌላው እናደርሳለን። ሳምንት በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ፣ ቸር ሰንብቱ!